ያላሰመርኳቸው መስመሮች

ባለፈው ጥር ጋቢ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከሱቁ ፊት ለፊት አንድ ያረጀ ፒካፕ ለመነሳት ይታገላል። ሹፌሩ ቁልፉን ሁለት ሦስቴ አዞረው፤ ማኪናው ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ተንቀጠቀጠና ነጭ ጭሱን ለቀቀው። የናፍጣው ሽታ ከአዲስ ጥጥ ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣብኝ። ባለሱቋ ስለ ጋቢው ጥለት እየነገረችኝ ነበር፤ ምን እንዳለች ግን አላውቅም። የአባቴ ኮት እንዲህ ነበር የሚሸተው። አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት በሙሉ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ስለዚያ ዓመት ማሰብ ስለማልወድ ሁልጊዜ ሸሽቼ አልፈዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጋቢውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ።

ቤታችን ቀጨኔ ነበር፤ ከመድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ፣ አንዲት ማኪና መስተዋቷን አጥፋ እየተሻሸች በምታልፍበት ቁልቁለት ላይ። አባዬ ሹፌር ነው። የራሱ የሆነች አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረችው። ቀለሟ ነጭ ነው፤ ነጭ መሆኑን የምናውቀው ግን ከሊብሬዋ ላይ ስለተጻፈ ነው። የሰፈራችንን ሸማኔዎች ጋቢና ነጠላ ጭኖ ፍቼ ይሄዳል፤ ጤፍና ምስር ጭኖ ይመለሳል። በሳምንት አራት ቀን፣ ዝናብም ይዝነብ ፀሐይም ይውጣ፣ ያንን መንገድ ይመላለሳል። የምንበላውም የምንማረውም በእሷ ነበር።

የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ እኔ ሳልወለድ ቆሟል። ስለዚህ አባዬ የራሱን መቁጠሪያ አበጀ፦ ፍቼ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር የዕቃ ቤታችን የእንጨት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጠመኔ አንድ መስመር ይሰመራል። አምስት አምስት እየሆነ ይታሰራል። መስመሩ ሦስት መቶ ሲሞላ የሞተሩ ቺንጋ ይለወጣል። ቺንጋው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ላይና ታች የሚሠሩትን ነገሮች አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ አስማምቶ የሚያዞራቸው እሱ ነው። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ማኪናዋ ቆመች ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ ሞተሯ የራሷን ሆድ ዕቃ ትቀጠቅጣለች። ይህንን ያስረዱኝ ጋሽ ይመር ናቸው።

ጋሽ ይመር መካኒክ ነበሩ። ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ባለ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ እዚያው አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አባዬ ማኪናዋን ሲገዛ ሞተሯን አዳምጠው «ውሰዳት» ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም። ረጅም ካቻቢቴ ነበራቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ለእኔ ሞተሩ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ሴት ያለች ይመስለኝ ነበር።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሂሩት የቤት ሥራዋን አልሠራችም አለችኝ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ሮጬ ገብቼ ሠራሁ።

አሠራራቸው ከሌላው ለየት ይል ነበር። ሌላው መካኒክ የተበላሸ ሲመጣለት ይጠግናል፤ እሳቸው ያልተበላሸ ይፈታሉ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ፍሬኑ፣ በየጊዜው ዘይቱና ፊልትሮው፣ በሦስት መቶው ቺንጋው። ቺንጋው የተለወጠበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል የጀመርኩበት ጥቅምት ነው። አሮጌውን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አገላብጬ አየሁት። ስንጥቅ የለው፣ ጥርሱ አልጎደለ።

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አወጡት?»

«ምንም ሳይሆን ነው እንጂ ማውጣት። ከሆነ በኋላማ ማን ይደርስበታል?»

እማዬ በሳቅ ሞተች። «አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ጥርሴንም ሳያመኝ ትነቅለዋለህ!» አለቻቸው። ከዚያ ጠመኔውን አንስታ የአዲሱን ቆጠራ የመጀመሪያ መስመር አሰመረች። ማስመር የእሷ ሥራ ነበር። መስመሮቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ወደ ቀኝ ጋደል ይላሉ።

ልክ በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ እማዬ ሞተች።

ሐኪም ቤት በእግሯ ቆማ ነው የሄደችው። ይህንን ስንቴ ለስንት ሰው እንደተናገርኩ! ግራጫ ሹራቧን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ «ደብተርሽን አታዝረክርኪ» ብላኝ፣ ማኪናዋ ውስጥ ከአባዬ ጎን ገብታ ሄደች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አባዬ ለጋሽ ይመር በር ላይ ቆሞ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ፦ «ሐኪሙ ሳይብስ ትከፈት ነው የሚለው።» እኔ ይህንን ንግግር አውቀዋለሁ፤ የማኪናችን ንግግር ነው። ስለዚህ አልፈራሁም። በሦስተኛው ቀን ሬሳዋን አመጡት። ለቀስተኛው ግቢያችንን ሞልቶ ሲያለቅስ እኔ የያዘኝን ሁሉ «ቆማ እኮ ነው የሄደችው፤ ምንም አልሆነችም ነበር» እላለሁ። ሰው ደግሞ «አዪ የኔ ልጅ» ብሎ ራሴን ይደባብሰኛል እንጂ አንድ የሚያስረዳኝ አልነበረም። ለልጅ ማን ይነግራል? እኔም በራሴ ጭንቅላት አንድ ነገር ያዝኩ፦ ደኅና የነበረ ነገር የሚሞተው ሲከፍቱት ነው።

ከሰልስቱ በኋላ አባዬ ጠመኔውን ሰጠኝ። «ከእንግዲህ አንቺ ነሽ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የእማዬ መስመሮች መቶ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመው ነበር። ለቅሶው ላይ እያለን የተሠራ ጉዞ ስላልነበረ ልክ ከእሷ ቀጥዬ ጀመርኩ። የእኔ መስመሮች ወፋፍራም ናቸው፤ ጠመኔውን ስጫነው ይሰበር ነበር። አባዬ ማታ ማታ ሲገባ ጫማውን እየፈታ «አሰመርሽ?» ይለኛል፤ «አሰመርኩ» እለዋለሁ። እማዬ ከሞተች በኋላ በቤታችን የቀረው ወሬ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። አባዬ ይበላል፤ እኔ ሳህኑን አነሳለሁ። ጠዋት ግን ማኪናዋ ትነሳለች። እሷ ስታጓራ፣ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ፣ ጭሷ በበሩ ስር ሲገባ፣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እሷን ነበር የምጠብቀው።

ገና ሰሞን ቆጥሬ ለአባዬ «ሁለት መቶ ሠላሳ ደረሰ» አልኩት።

«ጎበዝ! ሰባ ቀረን ማለት ነው። ከዚያ ጋሽ ይመር ይከፍታታል» አለ።

ይከፍታታል። ቃሉን ስሰማ ወደ ደጅ ወጣሁ። ማኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ በእግሯ የመጣች፣ ምንም ያልሆነች።

በሚቀጥለው ጉዞ አባዬ ሲመለስ ጠመኔውን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ። እጄን አነሳሁ። ከዚያ መለስኩና ጠመኔውን ጣሳው ውስጥ አስቀመጥኩት። አባዬ «አሰመርሽ?» አለኝ፤ «አሰመርኩ» አልኩት። በሁለተኛው ጉዞ አሰመርኩ፤ በሦስተኛው ተውኩ። አንድ ማስመር፣ አንድ መተው። እንዲያው ያዝኩት። መዋሸቴ እንኳን አልተሰማኝም። ማንም የማያውቀው ሥራ ላይ ያለሁ፣ ማኪናዋን ከሞት የምጠብቅ እኔ ብቻ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ። ጠዋት ስትነሳ «አይዞሽ» እላት ነበር በልቤ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህንንም መደበቅ አልችልም።

ለፋሲካ ጋሽ ይመር እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። እማዬ የሌለችበት የመጀመሪያ ፋሲካ ነው። አባዬ ራሱ ዶሮ ሠርቶ ጨው አብዝቶበት ነበር፤ ጋሽ ይመር ምንም ሳይሉ ጠርገው በሉለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«ስንት ደረሰች ጸሐፊዋ?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት።»

«ብቻ?» ጉንጫቸውን አከክ አከክ አድርገው ወደ አባዬ ዞሩ። «ንጉሤ፣ በደጄ ስታልፍ የምሰማት ከዚህ የበዛ ይመስለኛል። ለማንኛውም ልክፈታትና ልያት።»

«ልጄ እኮ ናት የቆጠረችው!» አለ አባዬ። «በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት። እኔና አንተ እንሳሳታለን እንጂ እሷ አትሳሳትም።» ይህን እያለ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ከለቅሶው ወዲህ ሲኮራ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ጋሽ ይመር «እሺ፤ እሷ ካለች ይሁን» አሉ። የአባዬ እጅ እስከ ዛሬ ራሴ ላይ ይከብደኛል።

ሰኔ ገባ። የፈተና ሳምንት ነበር። አባዬ ሁልጊዜ የሚመጣበትን ሰዓት አሳለፈ፤ ከዚያ ከቁልቁለቱ አናት የሰው ጩኸት ሰማሁና ወጣሁ። ማኪናችን ድምፅ ሳታሰማ ትመጣለች። አባዬ መሪውን ይዞ፣ የሰፈር ሰው ከኋላና ከጎን ይዞ፣ ቀስ እያደረጉ ያወርዷታል። ከሱሉልታ ወደ ከተማ መግቢያው ዳገት ላይ፣ ጤፍ እንደጫነች፣ አንድ ጊዜ ቀጭ ብላ ቆመች። እስከ አዲሱ ገበያ የጭነት ማኪና ጎትቷታል። አባዬ ወርዶ በሩን እንኳን አልዘጋውም።

በማግስቱ ጋሽ ይመር ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። የሰፈሩ ግማሽ ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሽፋኑን ሲፈቱት ቺንጋው ሁለት ቦታ ተቆርጦ፣ ጥርሱ ረግፎ ወጣ። ከዚያ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል አነሱት። ቫልቮቹ ተጣጥፈዋል፤ ፒስተኖቹ አናታቸው ተቦድሷል። ጋሽ ይመር እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አለቀላት፣ ንጉሤ» አሉ።

አባዬ ዕቃ ቤት ገባ። መስመሮቹን ሲቆጥር ድምፁ ይሰማኛል፤ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ወጥቶ ጋሽ ይመር ፊት ቆመ።

«ሁለት መቶ ሰባ ስድስት። ሦስት መቶ አልሞላም፣ ይመር! ምንድን ነው ያሰርክልኝ? አሮጌ ቺንጋ ነው ያሰርክልኝ?»

«ንጉሤ፣ ረጋ በል።»

«ሚስቴን ቀብሬ፣ ልጄን የማበላበት አንድ ነገር ነበረኝ! እሷንም አሮጌ ዕቃ አስረህ ገደልክብኝ? በሰው ሁሉ ፊት ንገረኝ፤ ከየት ነው ያመጣኸው?»

ጋሽ ይመር ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። መስመሮቹን ከላይ ጀምረው አዩዋቸው፤ ቀጫጭኖቹን፣ ከዚያ ወፍራሞቹን። ፋሲካ ዕለት የነገርኳቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። በሳምንት አራት ጊዜ በደጃቸው የምታልፍ ማኪና ናት፤ እዚህ ያለው በሳምንት ሁለት ነው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ። ከፊቴ ላይ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ዓይናቸውን አነሱና ወደ አባዬ ተመለሱ።

«ይሆናል፣ ንጉሤ» አሉ። «የቆየ ዕቃ ሸጠውልኝ ይሆናል። ሳላጣራ አሰርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባዬ ከእሳቸው ይህንን አልጠበቀም መሰለኝ፤ ቁጣው የሚይዘው አጣ። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ «ከግቢዬ ውጣ» አላቸው። ጋሽ ይመር መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ ለቅመው ወጡ። እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ነው ሰፈር ያዳረሰው። «ይመር አሮጌ ዕቃ ያስራል» ተባለ፤ «ራሱ አምኗል እኮ» ተባለ። ሽሮ ሜዳ የሚቆሙት ሹፌሮች ማኪናቸውን እየነዱ ሌላ ጋ ወሰዱ። በሳምንቱ ግቢያቸው ውስጥ አንድ የቆመ ማኪና አልነበረም። አባዬ የሰው ማኪና ሹፌር ሆኖ ተቀጠረ። የእኛዋ እንደተፈታች ሸራ ለብሳ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ቤታችን ጭው ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ይመር ግቢ ገባሁ። ባዶ ግቢ ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጠው መፍቻ በናፍጣ ያጥባሉ።

«ለምን አልተናገሩብኝም?» አልኳቸው።

«አባትሽ ማኪና አጣ። በዚያ ላይ ልጁን ላሳጣው?»

«አይገድለኝም እኮ።»

«አይገድልሽም። ግን የሚያይበት ዓይን ይለወጥና ያንን እኔ መጠገን አልችልበትም።» መፍቻውን አስቀመጡ። «ይልቅ አንቺ ለምን አደረግሽው? ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ መቁጠር አቅቶሽ አይደለም።»

ነገርኳቸው። እማዬ ቆማ እንደሄደች፣ ከፍተዋት እንደሞተች፣ ማኪናዋንም እንዳይከፍቷት ብዬ እንደሆነ። እያለቀስኩ ስለነበር የምናገረውን ግማሹን የሰሙት አይመስለኝም። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጃቸው ቆሽሾ ስለነበር ሊነኩኝ ፈርተው በክንዳቸው አቀፉኝ።

«ስሚኝ፣ ሂሩት። እናትሽ ደኅና አልነበረችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷን ያማት ነበር። መቀነቷን አጥብቃ እያሰረች፣ ለአባትሽም ሳትነግር፣ ስቃ ትውል ነበር። ሐኪም ቤት የሄደችው ሕመሙን መቻል ሲያቅታት ነው። አባትሽ በኋላ ነው ያወቀው፤ ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው። እናትሽን መክፈት አልገደላትም፤ ዘግይቶ መከፈት ነው የገደላት።»

እማዬ ከዚያ በፊት ጎንበስ ብላ ወገቧን ስትይዝ ያየሁባቸው ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ። ልብስ ስታሰጣ። ደረጃ ስትወጣ። እኔ የደከማት ነበር የሚመስለኝ።

«ለአባዬ ልንገረው?»

«አሁን አይደለም። ቁጣው ይብረድለት። ጊዜ አይቼ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ በእኔ ጣይው።»

ጣልኩት። ልጅ ነበርኩ፤ የሚጣልበት ሲያገኝ ልጅ ይጥላል። ግን አባዬ ጊዜ አልሰጣቸውም። አንድ ቀን ቀብር ላይ ለሰላምታ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሱ ሲመጡ በዓይኔ አየሁ። አባዬ ጃንጥላውን ወደዚያ አዙሮ አለፋቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት ቀን፣ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል «ይመር ዕቃውን ሲያስጭን አየሁት፤ ወሎ ወንድሙ ጋ ሊገባ ነው» ስትል ሰማሁ። አባዬ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጫማ ይጠግናል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ ያሰመርኩትን፣ ያላሰመርኩትን፣ ጋሽ ይመር በሩ ጋ ቆመው ያዩትን፣ እኔን ላለማቆሸሽ በክንዳቸው ማቀፋቸውን። ስጨርስ ጫማው ከእጁ ወደቀ። ኮቱን ሳይለብስ፣ በነጠላ ጫማ፣ በዝናቡ ውስጥ ቁልቁለቱን ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዘና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ውሃው ከፀጉሩ ይንጠባጠብ ነበር።

«ሄደዋል?» አልኩት።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም» አለ። «አንዴ ብቻ ዋሸኝ። እሱኑ አመንኩት።»